ሕዝብ ሲበዛ የነፍስ ወከፍ ገቢ ይወርዳል? ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጅማ ዞን ውስጥ በአንድ ወረዳ የፕላን ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ውጪ ባለው ሰዓት ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የሕዝብ ብዛትና የሰብዓዊ ልማት ኢንዴክስ በነፍስ ወከፍ ገቢ ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ነው። የወረዳዎችን ዳታ ሰብስቤ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚሄድ በቁጥር የሚለካ ስሌት) ስሠራ የሕዝብ ብዛት ኔጌቲቭ፣ ኢንዴክሱ ፖዘቲቭ ሆኖ ወጣ። አማካሪዬ ጥሩ ነው አሉኝ። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርባቸው ማናና ጎማ ሰው ከሳሳባቸው ወረዳዎች የባሰ ድሃ አይመስሉኝም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እህቴ፣ ልብሽ አለማመኑ ደግ አደረገ። አማካሪሽን ለማሳጣት አይደለም። እሳቸው ያዩት ምልክቱን ነው፤ ምልክቱ ደግሞ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ጥያቄው ምልክቱ ከየት መጣ ነው።

ከሕዝብ ብዛቱ እንጀምር። የነፍስ ወከፍ ገቢ ማለት ጠቅላላ ምርቱ ለሰዉ ቁጥር ሲካፈል ነው። አንቺ በሪግሬሽኑ ቀመር በግራ በኩል ያንን አስቀመጥሽ። በቀኝ በኩል ደግሞ ያንኑ የሰው ቁጥር መልሰሽ አስገባሽ። አካፋዩ ሲተልቅ ድርሻው ያንሳል። ይህ ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም፤ ስለ ጅማ የሚነግርሽ ነገር ጥቂት ነው።

የሚያብሰው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ግምት መሆኑ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጅማ ዞን 2,486,155፣ ጅማ ከተማ 120,960 ሰው ተቆጠረባቸው። አራተኛው ቆጠራ ሲራዘም፣ ሲራዘም ይኸው እስካሁን አለ። ከዚያ ወዲህ ቢሮሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። አሁን ትንበያው አንድ ወረዳ ላይ 250 ሺህ ይላል እንበል፤ በእውነት የሚኖረው ግን 200 ሺህ ነው። ምርቱ 10 ቢሊዮን ብር ቢሆን እውነተኛው ነፍስ ወከፍ 50 ሺህ ብር ነው፤ በአንቺ ሠንጠረዥ ላይ ግን 40 ሺህ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ በዳታሽ ውስጥ ይህ ወረዳ «ሕዝቡ ብዙ፣ ገቢው ትንሽ» ይመስላል። በተቃራኒው ቁጥሩ አንሶ የተገመተ ወረዳ «ሕዝቡ ጥቂት፣ ገቢው ደህና» ይሆናል። ኔጌቲቩ ምልክት ከዚህ ብቻ ሊወለድ ይችላል።

ኢንዴክሱም የራሱ ጣጣ አለው። የሰብዓዊ ልማት ኢንዴክስን ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሐቅ አማርትያ ሴንን ይዞ አበጀው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ እየወጣ ነው። ሐሳቡ አገርን በገቢ ብቻ አንለካ፣ ዕድሜና ትምህርትም ይታዩ የሚል ነበር። ግን ገቢን አላስወጡትም። ሦስተኛው አካል ሆኖ ውስጡ አለ። ስለዚህ ነፍስ ወከፍ ገቢን በኢንዴክሱ ስታስረጂ፣ ገቢን በከፊል በራሱ በገቢ እያስረዳሽ ነው። ከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ፖዘቲቭ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ይህን አሠራር በየመመረቂያ ጽሑፉ አየዋለሁ፤ አንዳንዴም ታትሞ። ኢንዴክሱ አገርን ከአገር ለማወዳደር ጥሩ ነው። ለአንቺ ሥራ ግን ፈታ አድርጊውና ትምህርቱን ለብቻ፣ ጤናውን ለብቻ አስገቢ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ስለ ሕዝብ ሲከራከር ስንት ነን በሚለው ላይ ይቆማል። እኔ ግን ከስንትነቱ ይልቅ የዕድሜ ስብጥሩ ይበልጥብኛል። ስንቱ ልጅ ነው? ስንቱ ለሥራ ደርሷል? ከደረሰውስ ስንቱ ሥራ አለው?

100 ሰው ያለበት መንደር ውሰጂ። 52ቱ ለሥራ የደረሱ ናቸው፤ ከነዚያ 40ው ይሠራሉ። አንድ ሠራተኛ በዓመት 60 ሺህ ብር የሚያወጣ ምርት ያመርታል። ነፍስ ወከፉ 24 ሺህ ብር ነው። ሌላ መንደር ደግሞ ከ100ው 62ቱ ለሥራ ደርሰዋል። የሚሠሩት ድርሻ ያው፣ የአንዱ ምርትም ያው 60 ሺህ። እዚህ ነፍስ ወከፉ 28,600 ብር ገደማ ይመጣል። ማንም ጠንክሮ አልሠራም። አዲስ ማሽን አልገባም። የልጆች ድርሻ ስላነሰ ብቻ ገቢው 19 በመቶ ከፍ አለ። ሁለቱም መንደር 100 ሰው ነው ያለው፤ «የሕዝብ ብዛት» የሚለው ተለዋዋጭሽ በሁለቱ መካከል አንዳች ልዩነት አያይም።

የሥነ ሕዝብ ትሩፋት የሚሉት ይህ ነው። ብሉምና ዊሊያምሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እንደ አውሮፓ በ1998 ባወጡት ጥናት የምሥራቅ እስያ ዕድገት እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርሰው ከዚህ የዕድሜ ለውጥ የመጣ ነው ብለዋል። ግን ትሩፋቱ በነጻ አይመጣም። በሁለተኛው መንደር ተጨማሪዎቹ 10 ወጣቶች ሥራ አጥተው ድንጋይ ሲያሞቁ የሚውሉ ከሆነ ሠራተኛው ያው 40 ነው፤ ነፍስ ወከፉም ያው 24 ሺህ። ስለዚህ የዕድሜ ምጣኔውን ብቻ ሳይሆን የሥራ ተሳትፎውንም መያዝ አለብሽ።

የዕድገት ፍጥነቱንም አስቢው። ምርት በዓመት 6 በመቶ እያደገ ሕዝብ 2.5 በመቶ ቢጨምር ለነፍስ ወከፍ የሚቀረው 3.5 በመቶ ገደማ ነው። ስንት ዓመት ላይ እጥፍ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ 70ን ለዚያ ስታካፍዪ 20 ይመጣል፤ ገቢው እጥፍ ለመሆን 20 ዓመት ይፈልጋል። ሕዝቡ በ1.5 በመቶ ቢያድግ ግን 15 ዓመት ተኩል ይበቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አምስተኛን እስኪያጋምስ ያለው ጊዜ ነው።

በአገራችን ይህ ፍጥነት እየቀነሰ ነው፤ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልደውን አማካይ ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር። እንደ አውሮፓ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት አማካዩ 4.6 ሆነ። አዲስ አበባ 1.8፣ ኦሮሚያ 5.4። ለአንቺ ይበልጥ የሚጠቅምሽ ግን ያው ጥናት በትምህርት ከፍሎ ያሳየው ነው። ምንም ያልተማሩ ሴቶች በአማካይ 5.7 ልጅ ይወልዳሉ። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የዘለቁት 1.9። እንግዲህ ሕዝብና ሰብዓዊ ልማት የምትያቸው ሁለቱ ተለዋዋጮችሽ በር ለበር የሚተያዩ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷን ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ማቆየት ዛሬ የትምህርት ቁጥሩን፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ የዕድሜ ምጣኔውን ይለውጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስገብተሽ «የየትኛው ተጽዕኖ ይበልጣል?» ማለት ብዙ አያስኬድም።

ወደ ማናና ጎማ እንመለስ፤ ጥያቄሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ጥግግቱ ገቢውን ያመጣው ነው ወይስ ገቢው ጥግግቱን? በእኔ እምነት በአብዛኛው ሁለተኛው። ሰው የሚሄደው እንጀራ ወዳለበት ነው። በአባ ጅፋሮቹ ዘመን ሂርማታ ገበያ ነጋዴውን ከሩቅ ይስብ ነበር፤ ጅማ ከተማ ራሷ በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው ያደገችው። ቡና የሚስማማው መሬት ሰው ጠራ፣ ሰው ሲሰፍር መንገድ ተከተለ፣ መንገድ ሲመጣ ሱቅና ወፍጮ ተከተለ። በደን የተሸፈነው ጌራ ሰው ስለሳሳበት ብቻ ሀብታም አልሆነም። በዚህ ምክንያት ጥግግትን እንደ መንስኤ ብቻ ካስገባሽው ከቡናና ከመንገድ ጋር ይምታታብሻል።

ግን ለጥግግት ጠበቃ መሆን አልፈልግም፤ ልክ አለው። ሁለት ሄክታር ያለው አባት ለአራት ልጆች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ይደርሳል። ቡና ደግሞ ተተክሎ ምርት እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይጠብቃል። ግማሽ ሄክታር የደረሰው ጎጆ ወጪ እስከዚያ ምን ይብላ? አሮጌውን ነቅሎ አዲስ ለመትከል አቅም የለውም፤ ወይ ጫት ይተክላል፣ ወይ ከተማ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል። ስለዚህ ለአንድ ሠራተኛ የሚደርሰውን የእርሻ መሬት ከያዝሽ ከጠቅላላ ጥግግት የተሻለ ይናገርልሻል።

ትምህርቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንደ አውሮፓ በ2013 አራት ኢኮኖሚስቶች በ110 አገሮች ያሉ 1,569 ክልሎችን አወዳድረው ነበር። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ክልል ከሌላው ለምን ይበለጽጋል ሲሉ አየሩን፣ ወደ ባሕር ቅርበቱን፣ ተቋማቱን፣ ባህሉን ሁሉ አዩ። ልዩነቱን በተደጋጋሚ ያስረዳ የነበረው ትምህርት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነጥባቸው ነው፤ የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚመራው ሰው ትምህርት ከፍተኛ ድርሻ አለው ይላሉ።

ይህን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ቁመሽ ማየት ትችያለሽ። ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ከነገለፈቱ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል። ከዚያ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪደርስ ይገለባበጣል። ይህን ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ፣ የትኛው እሸት በየትኛው ቀን እንደገባ የሚያውቅ፣ ውል አንብቦ የሚገባው ኃላፊ ያለው ማኅበር የታጠበ ቡና ይሸጣል። የሌለው ጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) ሰብስቦ ለአቅራቢው ይሰጣል። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» በሚል የታወቀው ያልታጠበ ቡና ዝቅ ባለ ዋጋ ሲሄድ፣ ከዚያው ዞን የሚወጣው የታጠበ ሊሙ የተሻለ ያወጣል። ዝናቡ ተመሳሳይ፣ የለቃሚው ጉልበትም ተመሳሳይ። የማኅበሩ ጸሐፊ ስንት ክፍል ነው የተማረው የሚለው መጠይቅሽ ላይ ቢኖር ምን ነበረበት?

ቡና ትምህርትን መልሶ የሚበላበትም መንገድ አለ። ኅዳር ላይ ቡና አብቃይ ቀበሌ ውስጥ አንድ ክፍል ገብተሽ የስም መጥሪያውን እዪ። ረድፉ በ«ቀ» ተሞልቶ ታገኚዋለሽ። ልጆቹ ማሳ ውስጥ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ነው ያሉት፤ ማታ ደግሞ ሚዛን ጋ ተሰልፈው። የቡና ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት ለቀማው ይበልጥ ይከፍላል፣ ልጁም ይበልጥ ይቀራል። ስለዚህ የዘንድሮን ገቢ በዘንድሮ የትምህርት ተሳትፎ ብታስረጂ ግንኙነቱ ተገልብጦ ሊመጣብሽ ይችላል። ዛሬ የሚሠራው ሰው የተማረው ከ10 እና 15 ዓመት በፊት ነው። መያዝ ያለብሽ ለሥራ የደረሰው ሕዝብ በአማካይ ስንት ዓመት ተማረ የሚለውን ነው። የዘንድሮ ምዝገባ ለሌላ ጽሑፍ ይሁንሽ።

ጤናውም እንደዚያው ነው። እንደ አውሮፓ በ2000 በአገሪቱ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 ወረደ። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ግን በ2000 ጨቅላ የነበሩት አሁን ለሥራ የደረሱት ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት የመጣ ጉዳት ክፍል ውስጥም ማሳ ላይም አብሮ ይኖራል። ቡና አብቃይ አካባቢ ሀብታም ነው፣ መቀንጨር አይመለከተውም እንዳትዪ። የቡና ገንዘብ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ክረምት ላይ ጎተራውም ኪሱም ባዶ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። አማካይ ገቢ ይህን አያሳይም።

እስካሁን ያልነካሁት አንድ ከባድ ነገር አለ። የአንድ አካባቢ ምርትና የአካባቢው ሰው ገቢ አንድ አይደሉም። ጅማ ደግሞ ሁለቱ ሲለያዩ ለማየት ምቹ ቦታ ናት።

ግልገል ጊቤ አንድን ውሰጂ። 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ እንደ አውሮፓ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል። የኃይሉ ዋጋ ግድቡ ላለበት ወረዳ ቢመዘገብ የዚያ ወረዳ ነፍስ ወከፍ ምርት ሰማይ ይነካል። ገንዘቡ ግን ግድቡ ሥር ያለው ገበሬ ኪስ አይገባም። እንዲያውም መሬቱ ለውኃው የተለቀቀበት አለ። በሌላ በኩል ከአጋሮና ከሌሎችም የዞኑ ቦታዎች ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን የሚልኩት ገንዘብ ቤት ያሠራል፣ ወንድም ያስተምራል። ያ ገንዘብ የወረዳው ምርት ውስጥ የለም፤ የቤተሰቡ ገቢ ውስጥ ግን አለ። አንዱን ትተሽ አንዱን ብትለኪ ሁለት የተለያየ ደረጃ ታወጫለሽ።

የተማረ ሰው ፍልሰትም ከዚሁ ይገባል። እንደ አውሮፓ በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በ1983 የጤና ኢንስቲትዩት ሆነው ጀምረው በ1999 ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት ተቋማት ብዙ ሰው አውጥተዋል። ከዴዶ ወይም ከኦሞ ናዳ መጥታ የተመረቀች ነርስ አዲስ አበባ ስትቀጠር ያስተማራት ወረዳ ወጪውን ችሏል፤ የምርቷ ዋጋ የሚቆጠረው ግን እዚያ ነው። ላሳደጋት ወረዳ የትምህርት ውጤት በምርቱ ላይ ደካማ መስሎ ቢታይሽ ትምህርቱ አልጠቀመም ማለት አይደለም።

አስተዳደራዊ ወጥመድም አለ። ጅማ ከተማ ከዞኑ ተለይታ ነው የምትቆጠረው። ከሰቃ ወይም ከቀርሳ ጠዋት መጥቶ መርካቶ ሲነግድ ውሎ ማታ የሚመለስ ሰው ምርቱ ከተማው ላይ፣ ራሱ ደግሞ ወረዳው ላይ ይቆጠራል። ከተማው ከእውነቱ በላይ፣ ዙሪያው ያለው ወረዳ ከእውነቱ በታች ይታያሉ። ከተማውን ጨምረሽ ብትሠሪና ሳትጨምሪ ብትሠሪ የሚወጣውን ሁለቱንም አሳዪ።

የብር ዋጋ ነገር አጭር ነው፤ ግን ብትረሺው ጽሑፉን ያበላሸዋል። የተለያዩ ዓመታት ዳታ የምትይዢ ከሆነ የዋጋ ንረቱን ቀንሰሽ በቋሚ ዋጋ አድርጊው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የቡና ዋጋ በብር ሲታይ ዘሏል። በዚያ ላይ የዓለም ገበያ ራሱ እንደ አውሮፓ በ2025 መጀመሪያ ለአረቢካ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ሳታነሺ ብትሄጂ ቡና አብቃይ ወረዳ ሁሉ በሁለት ዓመት የበለጸገ ይመስልሻል። ከዓመቱና ከቡና ድርሻው ጋር የተያያዘ መቆጣጠሪያ አስገቢ።

እና ምን ላድርግ ትይኛለሽ። እኔ ብሆን የሕዝብ ብዛትን አውጥቼ የጥገኝነት ምጣኔን (ልጆችና አረጋውያን ለሥራ ከደረሱት አንጻር ስንት ናቸው የሚለውን)፣ የሥራ ተሳትፎንና ለአንድ ሠራተኛ የሚደርስ የእርሻ መሬትን አስገባለሁ። ኢንዴክሱን አፍርሼ የአዋቂዎችን የትምህርት ዓመትና የሕፃናት መቀንጨርን ለየብቻ እይዛለሁ። የሴቶችን ትምህርት ለብቻ ባወጣ ደስ ይለኛል። የዞኑ ወረዳዎች 20 አካባቢ ስለሆኑ ከአራት ወይም ከአምስት ተለዋዋጭ በላይ አልጭንባቸውም፤ ውጤቱ ይንገዳገዳል። ከተቻለ ወረዳውን ትቼ ቤተሰብ ላይ እሠራለሁ። ለዚህ የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ የናሙና ጥናት አለልሽ፤ ቤተሰቦችን በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ የሚጠይቅ ነው። ቅርብሽ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ ከ2005 ጀምሮ በግድቡ ዙሪያ የሚያካሂደው የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በየቤቱ ይመዘገባል። ከትንበያ ይልቅ የተቆጠረ ሰው የምታገኚበት እሱ ነው። ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬ ነገ አትበዪ።

ጽሑፍሽን ስታቀርቢና ስትከላከዪ ከፈታኞቹ አንዱ «ርዕሱ ሕዝብ ብዛት ይላል፤ ታዲያ ተለዋዋጩ የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ባለ 52ቱንና ባለ 62ቱን መንደር ሰሌዳ ላይ ጻፊለት። አማካሪሽን ግን ቀደም ብለሽ በግል አናግሪያቸው፤ እዚያ መድረክ ላይ ሲሰሙት ደስ አይላቸውም።